በልጆች ቶንሲል ውስጥ የሚያድር ቫይረስ እና እንጥል ማስቆረጥ

ቶንሲል በጉሮሮ ግራና ቀኝ፣ አዴኖይድ ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ የሚገኙ የሰውነት መከላከያ ሥጋዎች ናቸው። በአፍና በአፍንጫ የሚገቡ ተሕዋስያን ቀድመው የሚያገኙት እነሱን ነው፤ አንዳንድ ቫይረሶችም ሕመሙ ካለፈ በኋላ እዚያው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ዋላስ ሮው እና ባልደረቦቹ ከልጆች በቀዶ ሕክምና የወጣ አዴኖይድ በላቦራቶሪ ሲያቆዩ፣ ሕዋሳቱ ከሳምንታት በኋላ በራሳቸው ፈራረሱ። ያፈራረሳቸው ውስጣቸው አድሮ የነበረ ቫይረስ ነው፤ ኋላ አዴኖቫይረስ ተባለ። ኤፕስቲን-ባር የተባለውም ቫይረስ አንዴ ከገባ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ቫይረሱ አልፎ አልፎ በምራቁ ይወጣል።

በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ ዙሪያም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል፣ ሕፃን ሳል ሲበዛበትና ጡት አልጠባ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። በባህል እንጥል የሚቆርጥ ሰውም እንጥሉን በምላጭ ወይም በፈረስ ጭራ ቋጠሮ ይቆርጣል፤ ቶንሲሉን በጥፍሩ የሚቧጥጥም አለ። ልማዱ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ በቫይረስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለምላጩ ይሆናል። እንጥል መቁረጥ ቫይረሱን አይነካውም። ይልቁንም ሕፃኑን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል። በጎጂ ልማድ አካል ማጉደል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 567 ያስቀጣል።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ቫይረስን አያጠፋም። ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳውን የልብ በር ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር ልጁ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ሐኪም ቶንሲል የሚያወጣው ሥጋው አብጦ የሌሊት ትንፋሽን ሲያቋርጥ፣ ወይም ከባድ ሕመም በዓመት ሰባት ጊዜ ያህል ሲመላለስ ነው። አዴኖይድ በጉርምስና ዕድሜ በራሱ ይከስማል። ተኝቶ ሳለ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይውሰዱት፤ መተንፈስ ያቃተው ወይም ምራቁን መዋጥ የተሳነው ልጅ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።