ክለቡ ሄደ፣ ደጋፊው ቀረ

በእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ ስታዲየም ይቀይራል እንጂ ሌላ ከተማ አይገባም፤ የቆየው ልማድ ይህ ነው። ልማዱን የሰበረው የዊምብልደን ክለብ ዝውውር ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊምብልደን በ1889 በደቡብ ምዕራብ ለንደን ተመሠረተ። በ1988 ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ረትቶ የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ፤ በረኛው ዴቭ ቢዛንት የጆን አልድሪጅን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነበት ጨዋታ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከሜዳ ነው። ደጋፊዎች በስታዲየም ተጨናንቀው ከሞቱበት የ1989ኙ የሂልስቦሮ አደጋ በኋላ የትልልቆቹ ክለቦች ስታዲየም ለተመልካች ሁሉ ወንበር ሊኖረው እንደሚገባ ተወሰነ። የዊምብልደን ፕላው ሌን ሜዳ ለዚህ ስላልበቃ፣ ክለቡ በ1991 ለቅቆ በክሪስታል ፓላስ ስታዲየም ደባል ሆነ። ለጊዜው የተባለው ደባልነት ከአሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። ኪሳራው ሲከማች የክለቡ ሰዎች በ2001 ወደ ሚልተን ኪንስ እንሂድ አሉ። ከተማዋ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የሊግ ክለብ ግን አልነበራትም።

የደጋፊዎቹ ተቃውሞ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው ክለቡ የሰፈሩ ሰው ሀብት ነው፣ ባለቤት የፈለገው ቦታ የሚተክለው ሱቅ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ሕግን ይመለከታል፦ ሌሎች ከተሞች ከታች ጀምረው በውጤት የሚደርሱበትን ቦታ ሚልተን ኪንስ በግዢ ልታገኘው አይገባም።

ሊጉ መጀመሪያ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ሆኖም ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን በግንቦት 2002 መጨረሻ 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ክለቡ በ2003 ሄደ፤ በ2004 ሚልተን ኪንስ ዶንስ ተባለ።

ደጋፊው አልተከተለም። በሳምንታት ውስጥ ኤኤፍሲ ዊምብልደን የሚባል የራሱን ክለብ አቋቋመ። ለመጫወት የሚፈልግ ሁሉ በዊምብልደን ኮመን መስክ ለሙከራ ተጠራ። በሐምሌ 2002 የተደረገውን የመጀመሪያ የወዳጅነት ጨዋታ ከ4,600 በላይ ሰው ተመለከተው። ውጤቱ 4 ለ 0 ሽንፈት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከሜዳ አልቀረም። ክለቡ ከአካባቢ ሊግ ተነስቶ በዘጠኝ ዓመት አምስት ጊዜ አደገና በ2011 ወደ እንግሊዝ ፉትቦል ሊግ ገባ። በ2007 የድሮው ክለብ ዋንጫዎች ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። በ2020 ደግሞ ቡድኑ ራሱ ፕላው ሌን ላይ በተሠራ አዲስ ስታዲየም መጫወት ጀመረ።

ይህን ያስቻለው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የሊጉ አሠራርም ነው። በእንግሊዝ ከታች የጀመረ ያሸነፈ እንደሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በአሜሪካ ትልልቅ ሊጎች መውጣትና መውረድ የለም። የኦክላንድ ቤዝቦል ደጋፊዎች በ2023 ባለቤቱ ቡድኑን እንዲሸጠው በብዛት ስታዲየም ገብተው ጠየቁ፤ የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ግን ወደ ላስ ቬጋስ መሄዱን ያለ ተቃውሞ አጸደቁ። ቡድኑ በ2024 ከተማዋን ለቀቀ። ኦክላንዶች አዲስ ቡድን ቢያቋቁሙም፣ በማሸነፍ ብቻ ወደ ትልቁ ሊግ የሚወጣበት መሰላል የለም።

ብሪታንያ በ2025 ባወጣችው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ መሠረት የእንግሊዝ ክለብ የቤት ሜዳውን ለቅቆ ለመሄድ የገለልተኛ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የዊምብልደን ደጋፊዎች በ2002 እንዲህ ያለ በሕግ የቆመ ዳኛ አልነበራቸውም፤ ስለዚህም ክለባቸውን ከዜሮ መገንባት ነበረባቸው።