ድንኳን የት ይተከል? ስለ ሰላማዊ ማደሪያ የሚባለውና እውነታው

ከከተማ ወጥቶ ደጋ ላይ በድንኳን ማደር ያማረው ሰው ቀድሞ የሚደርሰው ምክር «ውኃ አጠገብ እደር» የሚል ነው። የወንዝ ድምፅ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለማብሰያም ይቀርባል ይባላል። ለመቅዳት መቅረቡ እውነት ነው፤ ለማደር ግን የወንዝ ዳር ከሁሉም የከፋ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ወንዝ የሚሞላው እናንተ ያላችሁበት ሥፍራ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። በላያችሁ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት እየታዩ፣ ራቅ ያለ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊቱን ሊደርስባችሁ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ደቻቱ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ አሸዋው ለስላሳና ደረቅ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ድንኳን አይተከልበትም። ዳር ዳሩን ያሉትን ቁጥቋጦዎች ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ቅርንጫፋቸው ላይ ገለባ፣ ጭራሮ ወይም የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሞ ከተገኘ ውኃው እስከዚያ ከፍ ብሎ አልፏል ማለት ነው። ቆላ ሐይቆች ዳር ደግሞ ጉማሬ አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ የሚመላለስበት መንገድ ላይ የተተከለ ድንኳን አደጋ ላይ ነው።

ሌላው እምነት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፤ ከፍታው ይበርዳል፣ ጎድጓዳው ነፋስ ስለማያገኘው ይሞቃል የሚለው። ግማሹ እውነት ነው። 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በአንድ ሸለቆ ወለልና ከበላዩ ባለው ተረተር መካከል ያለው ልዩነት ግን 50 ሜትር ቢሆን፣ በዚህ ስሌት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ እሷን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁለቱን ይዞ እንደ ውኃ ይወርድና ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በደጋ አገር ውርጭ አስቀድሞ የሚመታው ይህንኑ ወለል ነው። ማለዳ ወጥቶ ላየ ሰው ማስረጃው ግልጽ ነው፤ የታችኛው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ጤዛ ብቻ ይዞ ይታያል። ጥሩው ቦታ የጉብታው አናት አይደለም፣ እዚያ ነፋሱ ያንገላታል። የሸለቆው ሆድም አይደለም። ተዳፋቱ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ የሰጠች ደልዳላ መሬት ከሁለቱም ትሻላለች፤ የማለዳዋም ፀሐይ ቀድማ ትደርስባታለች።

ትልቅ ዛፍ ሥር ማደርን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መብረቅ ረጅሙን ይመርጣል፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ማንጠባጠቡን አይተውም።

«እሳት ካለ ጅብ አይቀርብም፣ ውሻ ካለ ደግሞ እንቅልፍ አለ» የሚለው ግን መታረም አለበት። ሐረር ላይ ጅብ በመብራት ፊት፣ ሰው እያየው ሥጋ ከእጅ ይቀበላል። የሚስበው ሽታ ነው፤ የተጣለ አጥንት፣ ቅቤ የነካው ዕቃ፣ ቆዳ ጫማ። ምግቡን በደንብ ዘግቶ ከመኝታ ማራቅ፣ ጫማን ደጅ አለመተው ከእሳት የበለጠ ይጠብቃል። እሳቱ ራሱ ደግሞ ጠንቅ ነው። የደጋው አስታ ከደረቀ በቀላሉ ይያያዛል። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ውሻም ቢሆን ቀይ ቀበሮ ወዳለበት አገር አይወሰድም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት እኛው ዘንድ ነው። ባሌ ውስጥ ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ለአንድ ሌሊት ዘበኛ ተብሎ እንዲህ ያለ ፍጡር ላይ ሞት ይዞ መሄድ አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፤ አጥር የሌለው ሜዳ ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ። የመንዝን ጓሳ እንውሰድ። ለማያውቀው ሰው ዝም ብሎ የበቀለ ሣር ነው። የአካባቢው ሕዝብ ግን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ለጣራ ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ ጓሳውን አልተወውም፣ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሳይጠይቁ ድንኳን መትከል የሰው እርሻ ውስጥ ከመግባት አይለይም። በሰሜን ተራሮችም ማደሪያዎቹ እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ያሉ የተወሰኑ ሥፍራዎች ናቸው።

ሰላማዊ ማደሪያ ከሰው ርቆ ይገኛል የሚለውም ከዚሁ ስሕተት ይወለዳል። የገጠር ሰው ጨለማ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ መብራት ሲያይ የከብት ሌባ ይጠረጥራል፤ ውሻው ሲጮኽ ያድራል፣ ጎረቤት ይጠራራል፤ ድንኳን ውስጥ ያለውም እንቅልፍ አያገኝም። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን ማሳደር ግን የቆየ ወግ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቅርቡ ግቢ ጠጋ ብሎ «ቤቶች!» ማለት፣ ሽማግሌ ከወጡ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ ስምንና የመጡበትን መናገር ይገባል። የአካባቢው ጸጥታ ዛሬ እንዴት እንደሆነ፣ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ ከብቱ ሲነጋ በየት በኩል እንደሚሰማራ፣ የተከለለው ግጦሽ የቱ ጋ እንደሚያበቃ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።