ሽማግሌ ጭና የፈላችው ዲኤክስ

ለፍቅር ሲባል ተራራ የወጣ ሰው ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። የእኔ ወዳጅ ግን ተራራውን ሊወጣ የተነሣው ራዲያተሯ በሚያንጠባጥብ አሮጌ ዲኤክስ ነው!

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ወዳጄ ከአዲስ አበባ የወደዳት ልጅ ቤተሰቦቿ ፈረስ ቤት ናቸው። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ፤ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከኋላ አሳፍረን፣ እኔና እሱ ከፊት ሆነን፣ ቅዳሜ ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣንና ፍኖተ ሰላም አደርን።

ጠዋት ስንነሣ ከመኪናዋ ሥር መሬቱ ረጥቧል። የሲኒ አፍ የምታህል እርጥበት ናት።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኩት።

"ኧረ ተዋት፣ ወር ሆናት እኮ! ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሃይላንድ ውሃ እጨምርላታለሁ" ብሎኝ እርፍ።

መቼም እዚህ ላይ ስንቶቻችሁ "እኔም እንደሱ ነው የማደርገው" እንደምትሉ አውቃለሁ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ግማሽ ሃይላንዱን ከወንበር ሥር ይዞ ነው የሚዞረው።

ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ፈረስ ቤት ያለችበት ወረዳ ደግሞ ስሙ ራሱ ደጋ ዳሞት ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ሽቅብ ነው። አምስት ሰው የጫነች ዲኤክስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች፣ ወጣች... ከዚያ ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት ከመሀል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ገሰገሰ። ኮፋኖው ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ ሲል የንስሐ አባቱ አማተቡ።

ወዳጄ ዘሎ ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተና እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

"እጅህን!" ብለው ጮኹ ጋሼ።

ጋሼ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ክዳን በትኩሱ ቢከፍተው ኖሮ የፈላው ውሃ ፊቱን ልጦት ነበር፤ ሙሽራ መሆኑም ይቀርለት ነበር። ሃይላንዱን አንሥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሊጨምርም ሲል ከለከሉት። የጋለ ሞተር ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

"አሁን ሞተሯ እስኪበርድ ቁጭ እንላለን" አሉና ጋቢያቸውን አንጥፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዓቱ 3 ተኩል ሆኗል! ወዳጄ ላቡ በላቡ። የልጅቷ አባት ቀጠሮ አክባሪ ናቸው ተብለናል።

እዚያ ተቀምጠን ጋሼ የነገሩንን ልንገራችሁ። ከከተማ ከተመለስኩ በኋላም ሌሎች መካኒኮችን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኛ የምናስበው ችግሩ የፈሰሰችው ውሃ ናት ብለን ነው። አይደለም። ዋናው ችግር አብሯት የሚወጣው ግፊት ነው። ራዲያተር እንደ ፕሬዠር ኩከር ነው፤ ክዳኑ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ አይፈላም። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የአሮጌ መኪና ተርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስሉት! ክዳኑ ግፊቱን ከያዘ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ድረስ ሳይፈላ ይታገሳል። ቀዳዳ ካለ ግን እኛ ደገኞች ያለችን ትርፍ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ናት። አሰብ ላይ ብዙ ያልጎዳ ቀዳዳ ጎጃም ደጋ ላይ ጉድ ይሠራል ማለት ነው።

ጉዱ ደግሞ ርካሽ አይደለም። የዲኤክስ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። ሲግል አሉሚኒየሙ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ወይም ጭስ ማውጫው በሞቀ ሞተር ነጭ ጭስ ካበዛ፣ ያ ነው የደረሰባችሁ።

ሞተሯ ስትበርድ ጋሼ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ላላ አደረጉት፤ የቀረው እንፋሎት ፍስስ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ከፈቱት። ሁሉንም ጎማ በጨርቅ ጠረጉና በጣታቸው ዳበሱ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ ጫፍ፣ ልክ ፋሼታው የሚያስርበት ቦታ ላይ ዝገት የመሰለ ደረቅ ምልክት አለ። ጎማውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ይቺው ናት!

ካቻቪቴ ከመኪናው፣ ቢላዋ ከሽማግሌ ኪስ ወጣ። ጋሼ የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆርጠው ጣሉት። ጎማው ትርፍ ነበረው፤ መልሰው አስገቡና ፋሼታውን አጠበቁ። እረኛ ልጆች በጀሪካን የምንጭ ውሃ አመጡልን፤ አሸዋ እንዳይገባ በነጠላ አጥልለን፣ ሞተሯን አስነሥተን ቀስ በቀስ ሞላናት።

"ድሮ እኮ እንቁላል ይሰበርበት ነበር" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"ይሰበራል፣ ከዚያ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧ ውስጥ ይበስላል" አሉ ጋሼ፣ "ቀዳዳውን ሲደፍን መንገዱንም ይደፍነዋል።"

የቀረውን ዳገት የወጣነው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተን ነው። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ ውስጥ ያመጣዋል። ሦስት ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልሎ በዚያ ሙቀት ሲጠበስ ያየሁትን አልረሳውም!

ፈረስ ቤት ስንደርስ 6 ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ላባቸውን ጠራርገው ገቡ። እኔና ወዳጄ ራቅ ብለን መኪናዋ ጋ ቀረን። ምን አደረግን መሰላችሁ? አንድ ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ አጎንብሰን ሥሯን ስናይ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ወዳጄ ግን ሥሯን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል፤ የሚያስበው ስለ ጎማው እንዳልሆነ ገብቶኛል።

በመጨረሻ ወጡ። ጋሼ ከሁሉም ቀድመው መጡና ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው የመኪናዋን ሥር አዩ። ከዚያ ቀና ብለው የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው የውስጥ ላስቲኩን በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ተፈረፈረ።

"ጋሼ፣ ምን አሉ?" አለ ወዳጄ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

"'ሽማግሌ አርፍዶ ይመጣል ወይ?' አሉን። እኛም እውነቱን ነገርናቸው፤ ሳቁ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተውናል።" ክዳኑን እጁ ላይ አኖሩለት። "እስከዚያ ይህንን ትለውጣለህ፣ ያንን አሮጌ ጎማ በአዲስ ትቀይራለህ፣ የምንጩን ውሃ አስደፍተህ ኩላንት ታስሞላለህ። በዚህች መኪና ሁለተኛ አልጠበስም።"