ከርጭት ወቅት በፊት የሞተር መርጫው እመቃ ይፈተሽ

ቢጫ ዋግ በስንዴ ማሳ ላይ ከታየ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። በዚያ ቀን በጀርባ የሚታዘለው የሞተር መርጫ አልነሳ ካለ፣ ኬሚካሉ ተገዝቶ ውኃውም ተቀድቶ ርጭቱ ይስተጓጎላል። ብዙ ጊዜ ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡሬተር ይፈታል። ችግሩ ግን የእመቃ፣ በተለምዶ ኮምፕሬሽን የሚባለው፣ ማነስ ሊሆን ይችላል።

በብዙዎቹ የሞተር መርጫዎችና የሞተር መጋዞች ላይ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ያምቃል፤ ካንዴላውም ያቀጣጥለዋል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ ካለቀ ወይም ሲሊንደሩ ከተጫረ እመቃው ያመልጣል። ያን ጊዜ ካንዴላው እሳት ቢሰጥም ሞተሩ አይነሳም፤ ቢነሳም ጉልበት አይኖረውም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞና ማጥፊያው ተዘግቶ የማስነሻውን ገመድ በዝግታ ይሳቡ። ጤነኛ ሞተር በየዙሩ እጅን ያዝ ያደርጋል። ገመዱ ልል ከሆነ በቅድሚያ ካንዴላው መጥበቁን ይመልከቱ። ቀጥሎም በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምረው እንደገና ይሳቡ፤ ገመዱ ከከበደ ፋሻው ማለቁን ይጠቁማል። እርግጡን የሚናገረው ግን የእመቃ መለኪያ ነው። የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የመለኪያው ቀስት መውጣት እስኪያቆም ገመዱ ይሳባል። ንባቡ ከ6 ባር በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ማስነሳት ያስቸግራል።

መንስኤው በአብዛኛው ሁለት ነው፤ የዘይት እጥረትና አቧራ። ይህ ሞተር ለብቻው የዘይት ቋት ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው ዘይት ብቻ ነው። የአምራቹ መመሪያ 25 ለ1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ1 የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ያስፈልጋል። በግምት መጨመር ወይም ንጹህ ቤንዚን መሙላት ፒስተኑን ይጭራል። ማርሚታው ሲፈታ በዚያ በኩል የተጫረ ፒስተን ከታየ የዘይት እጥረት ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት ምልክት ነው። የአየር ማጣሪያው ካልጸዳ ወይም ከተቀደደ ደግሞ አቧራው ፋሻውን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል።

መርጫ የሚያከራዩ ማኅበራትና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መሣሪያው ወደ መጋዘን ሲገባ እመቃውን ለክተው በንብረት መዝገብ ቢያሰፍሩ፣ የትኛው ጥገና እንደሚያስፈልገው ቀድመው ያውቃሉ። ሲሊንደሩ ሳይጫር ፋሻ መቀየር ቀላል ጥገና ነው፤ ከተጫረ በኋላ ግን ወጪው ይከብዳል። ለአርሶ አደሩም ከመርጫው ጋር የዘይት መስፈሪያ አብሮ ይሰጠው።