አሲድ ሲፈስ ወሳኞቹ የመጀመሪያ ደቂቃዎች

ኮምጣጤ፣ ሎሚና እርጎ ከሰው ልጅ ማዕድ ተለይተው አያውቁም። የሦስቱም ጎምዛዛነት የሚመጣው ኦርጋኒክ አሲድ ተብለው ከሚጠሩ ውሕዶች ነው። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚኮመጥጠውም በዋናነት በላክቲክና በአሴቲክ አሲድ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ውሕዶች ተጣርተውና መጠናቸው ጨምሮ በጠርሙስ ሲቀርቡ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ዐይንንም ይጎዳሉ።

በኩዌት ከተማ በሱራና በአጎራባች አካባቢዎች በመኖሪያ ቤትም ሆነ በጽዳት ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ውሕዶች ጋር በየዕለቱ ይገናኛሉ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ባለሙያ ስለ አደጋው አስቀድሞ ሥልጠና ያገኛል፤ ማድ ቤት ውስጥ ያው ውሕድ የሚፈስባት ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ዕድል አታገኝም።

የሚያሳስቱ ስያሜዎች

በኬሚስትሪ ቋንቋ አብዛኞቹ ኦርጋኒክ አሲዶች «ደካማ» ይባላሉ። ቃሉ የሚያመለክተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከሞለኪውሎቻቸው ጥቂቱ ብቻ የሃይድሮጅን አዮን እንደሚለቅቅ እንጂ ጉዳት የማያደርሱ መሆናቸውን አይደለም።

የምግብ ኮምጣጤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ ገደማ አሴቲክ አሲድ አለው። በቤተ ሙከራ የሚገኘው ንጹሑ አሴቲክ አሲድ ግን ከመቶ 99 እጅ በላይ ነው። ዐረብኛው «ሠልጂ» ማለትም «በረዷማ» ይለዋል፤ ምክንያቱም 16.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንደ በረዶ ይረጋል። ስሙ ቅዝቃዜን ቢያስታውስም ቆዳን አጥብቆ የሚያቃጥል ውሕድ ነው። ከ40 ዲግሪ ገደማ ጀምሮም እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ያወጣል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 በሚትሪባ 53.9 ዲግሪ በተመዘገበባት አገር እንዲህ ያለውን ጠርሙስ በሰገነት ወይም በጣሪያ ዕቃ ቤት ማስቀመጥ አይገባም።

በዐረብ ማድ ቤቶች «ሚልሕ ለይሙን» የሚባለው ነጭ ዱቄት በቃል ትርጉሙ «የሎሚ ጨው» ነው። በእርግጥ ግን ጨው ሳይሆን ሲትሪክ አሲድ ነው። ለምግብ ማጣፈጫና የማንቆርቆሪያን ነጭ ቅርፊት ለማስለቀቅ ይውላል። ዱቄቱ ዐይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ይቆጠቁጣል።

ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን ነው፤ በላቲን «ፎርሚካ» ጉንዳን ማለት ነው። ቆዳ በማልፋትና የውሃ ቅርፊት በማስለቀቅ ሥራ ያገለግላል። በአሲድነት ጥንካሬው ከአሴቲክ አሲድ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዝገት ማስለቀቂያዎች ውስጥ የሚገኘው ኦክሳሊክ አሲድ ደግሞ ከተዋጠ የደምን ካልሲየም ይይዛል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።

አደጋ ሲደርስ

አሲድ ቆዳ ላይ ሲፈስ ዋናው መድኃኒት ብዙ ውሃ ነው። ዱቄት ከሆነ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ይራገፋል። ከዚያም የተበከለው ልብስ፣ ሻሽ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ወዲያው እየወለቁ ቦታው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል። በራስ ላይ የሚወልቅ ልብስ ፊትን እንዳይነካ በመቀስ መቅደድ ይመረጣል። የሚረዳው ሰውም ጓንት ያድርግ።

ዐይን ውስጥ ከገባ ጭንቅላት ወደ ተጎዳው ዐይን ጎን ይዘነብላል፤ የዐይን ቆብ በጣት ተከፍቶ ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ ይደረጋል። የዐይን ሌንስ ካለና በቀላሉ ከወጣ ይውጣ፤ ካልወጣ ግን በእርሱ ምክንያት እጥበቱ አይዘግይ።

በኩዌት የሙቀት ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ውሃ ራሱ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በእጅ ያለ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ይፍሰስበት። በእነዚህ ወራት ማሞቂያውን በሚያጠፉ ቤቶች፣ ቤት ውስጥ ያለው የማሞቂያ በርሜል ውሃ ብዙ ጊዜ ከታንከሩ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው።

አሲድ የዋጠ ሰው አፉን ይጉመጥመጥ እንጂ እንዲያስመልስ አይገደድ፤ አሲዱ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላልና። ትነት የሳበ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ።

መደረግ የሌለበት

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል ወይም ሊጥ በቃጠሎው ላይ መቀባት ሙቀቱንና አሲዱን አፍኖ ያስቀራል፤ ለቁስል ማመርቀዝም ያጋልጣል። አሲዱን «ለማክሸፍ» ሶዳ መነስነስም አይመከርም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ሊፈጠር ይችላል፣ ለእጥበት የሚያስፈልገውም ጊዜ ይባክናል።

ኮምጣጤን ወይም ማንኛውንም አሲድ ከበረኪና ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሲድ በውሃ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። በውሃ መጠጫ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ሌላውን ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ርዳታ ለመጥራት

የኩዌት የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። «ሐርቅ ኪማዊ» ማለት የኬሚካል ቃጠሎ፣ «ፊል ዐይን» ማለት ዐይን ውስጥ ማለት ነው፤ ሁለቱን ሐረጎች በቃል መያዝ ይጠቅማል። ለሱራ ነዋሪዎች የሙባረክ አል ከቢር ሆስፒታል በአጎራባቹ ጃብሪያ ይገኛል። ሐኪሙ የአሲዱን ዓይነት እንዲያውቅ ጠርሙሱ ወይም የጽሑፉ ፎቶግራፍ አብሮ ይወሰድ።

በጠርሙሱ ላይ ፈሳሽ በእጅና በብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ቀይ ክፈፍ ያለው ምልክት ካለ፣ ይዘቱ ሰውነትን የሚበላ ነው። ዐረብኛውም ይህን ባሕርይ «አካል» ይለዋል፤ «አከለ» ማለትም «በላ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ዐማርኛ አንባቢ ገላን ከሚያመለክተው «አካል» ጋር እንዳያምታታው ይጠንቀቅ።

ሠራተኛዋ ተግሣጽ ወይም ወጪ ፈርታ ቃጠሎን መደበቅ የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ከምግብ፣ ከልብስና ከመኖሪያ ጋር ሕክምናንም እንዲያሟላ ያዝዛል። ስለዚህ በቅድሚያ ውሃ፣ ቀጥሎም ስልክ፤ ጠርሙሱን ማን እንዳፈሰሰው መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።