ደም ስለ ጡት እብጠት ምን ይነግረናል?

በሰፈራችን አንድ ሰው ታመመ በተባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር «ደምህን ተመርመር» የሚል ነው። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖር ከጣት ጫፍ የተወሰደች አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ በሽታው ይገለጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደም ምንም አይደብቅም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በጡት ላይ ለሚወጣ እብጠት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

የጡት ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ወተት በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንጂ በደም ውስጥ አይደለም። ገና ትንሽ ሳለ ወደ ደም የሚለቀው ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የደም ቈጠራው የጤነኛ ሰው ይመስላል። እርግጥ ነው፤ ሊቃውንት በደም ውስጥ የነቀርሳን ምልክት ሲፈልጉ ኖረዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1965 በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ፥ ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ሲኢኤ የተባለውን ፕሮቲን በአንጀት ነቀርሳ ውስጥ አገኙ። ለጡትም ኋላ ሲኤ 15-3 የሚባል ምርመራ ወጣ፤ ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል! ዳሩ ግን ይህን ፕሮቲን ጤነኛው ሕዋስም ይሠራዋል። ጉበቱን የታመመ ሰው ነቀርሳ ሳይኖርበት ልኩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ነቀርሳው ገና የጀመረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልኩ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሞች በተለይ የሚጠቀሙበት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ነው። ብራካ የሚባሉትን ጂኖች ለማየትም ደም ይወሰዳል፤ እርሱም የሚናገረው በዘር የሚወረስ ሥጋት መኖሩን እንጂ የእብጠቱን ምንነት አይደለም።

ታዲያ ምንነቱ በምን ይታወቃል? ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፤ በአልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ በሚባለው የጡት ራጅ ይታያል፤ ከዚያም ከራሱ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ፍርዱን የሚሰጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ደግነቱ ብዙዎቹ እብጠቶች፥ ይልቁንም በእኛ ዕድሜ ባሉ ልጃገረዶች ላይ የሚወጡት፥ ነቀርሳ አይደሉም።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያነሣሣኝ የአክስቴ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በግራ ጡቷ ሕመም የሌለው ጠጣር እብጠት አገኘች። የደም ምርመራዋ ደኅና ነው ስለ ተባለ ወረቀቱን አጥፋ ከትራሷ ሥር አኖረችና መርፌውን እምቢ አለች። ጎረቤቶች «ከተነካ ይበተናል» ብለዋት ኖሯል። እናቴ ሦስት ሳምንት ለምና ወሰደቻት። ሐኪሙም «እመቤቴ፥ ደምዎ የነገረን ስለ ደምዎ ነው፤ ስለ እብጠቱ እብጠቱን እንጠይቀው» አሏት። ናሙናው ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ብብቷ ሳይዛመትም ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

የደም ምርመራው እውነተኛ ሥራውን ያገኘው አሁን ነው። በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት ደሟ ይቀዳል፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ቍጥራቸው እጅግ ካነሰ ቀጠሮው ይገፋል። ባለፈው ማክሰኞ አንሶ ተገኘና አንድ ሳምንት እንድትቆይ ተነግሯት ተመለሰች።