ከገደል ሥር የምትሸት አበባ

አበባ መትከል የሥራ ፈት ጠባይ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ትዕግሥት የሚገኝበት ትምህርት ቤት ነው እንላለን።

ፕሪሙላ የምትባለው አበባ ባሕር ተሻግራ የመጣች ብቻ ትመስለን ነበር። ይሁን እንጂ ከወገኖቿ አንዷ፣ መልኳ ቢጫ፣ መዓዛዋ ያማረ፣ በስሜን ተራሮች ውሃ በሚንጠባጠብበት ገደል ላይ ትበቅላለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሺምፐር ናሙናዋን ሰብስቦ ለአውሮፓ ሊቃውንት አሳወቃት፤ «ሲሜንሲስ» የሚለው ስሟም ከዚያው አገር የወጣ ነው። የየመን ዘመዷ ደግሞ በለንደን የኪው አትክልት ስፍራ ከሂማላያ ፕሪሙላ ጋር ተዳቅላ አዲስ ዝርያ አስገኝታለች። ባዕድ ያከበራትን እኛ ስሟን እንኳ አለማወቃችን ያሳዝናል።

እኛም ደብረ ማርቆስ ላይ ከውጭ የመጣ የፕሪሙላ ዘር አግኝተን ነበር። አፈር አልብሰን ብንጠብቅ አንዲት ቡቃያ አልወጣችም። ኋላ የጎጃም ገበሬ ጤፍ ሲዘራ አየን። ደቃቁን ዘር በእርጥብ መሬት ላይ ይበትነዋል እንጂ ጠልቆ እንዲቀበር አያደርገውም። የፕሪሙላም ዘር ብርሃን ይሻልና በእርጥብ አፈር ላይ በትነን፣ በመስተዋት ከድነን፣ ከጥላ አኖርነው፤ ውሃውንም ከሥር አጠጣነው። ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ።

አንባቢ ሆይ! የስሜኗን አበባ ከገደሏ መንቀል አይገባም። የምትኖረው በምንጭ ነውና ምንጩ ሲደርቅ እርሷም ትጠፋለች። በጮቄ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎችም ምንጮቻችንን እንጠብቅ፤ አበባ የሚጠፋው መጀመሪያ ውሃው ሲጠፋ ነውና።